አራት ባይት ስለበዛበት ራውተርና ስለ ወይዘሪት ኤዶም

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ልዑል ተክለሃይማኖት
የሕንፃችን አስተዳደር የኔትወርክ አገልግሎት ኃላፊ
ፒያሳ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎና ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ ተከራዮች ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ በደረጃ ስለምንመላለስ ልባችን በርትቷል፤ ለዚህም አስተዳደሩን ከልብ እናመሰግናለን። የምጽፍልዎ ግን ስለ ሊፍቱ አይደለም። ከነገ ወዲያ ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ ሊያሰናብታት ቀጠሮ ስለያዘላት የኔትወርክ ባለሙያ፣ ስለ ወይዘሪት ኤዶም ነው። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የመጽሐፍና የሠርግ ካርድ ገጽ የማዘጋጅ ሰው ነኝ። ስለ ራውተር የማውቀው እሷ የነገረችኝን ብቻ ነው፤ ለዚህ ደብዳቤ ይበቃል።

አንደኛ፣ ምስጋና ይቅደም። በሐምሌ ወር የእያንዳንዳችንን መስመር ከጎረቤቶቻችን መስመር ለይተውልናል። ቪላን ይባላል አሉ። ከየሱቁ በሚወጣው በእያንዳንዱ የመረጃ ጥቅል፣ ባለሙያዎቹ ፓኬት በሚሉት ላይ፣ የማን እንደሆነ የሚናገር አራት ባይት የምታህል መለያ ይለጠፍበታል። የእኔ የሠርግ ካርድ ከጎረቤቴ ከወይዘሮ ምብራት የቤት ፕላን ጋር እንዳይቀላቀል ታስቦ ነው። እስከ ዛሬም አልተቀላቀለም፤ ሁለቱም ከሕንፃው ወጥተው አያውቁምና።

ሁለተኛ፣ የማይወጡበት ምክንያት። በዚህ ሰፈር በአሮጌ ደረጃ ቁምሳጥን ያወረደ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ቁምሳጥኑ በበሩ ልክ ነው፤ የማያሳልፈው እጀታው ነው። ምድር ቤት ያለው ራውተርም የሚያሳልፈው የጥቅል መጠን ተወስኖለታል። ትልቅ ፋይል እየተቆራረጠ በሙሉ ጥቅል፣ በአንድ ሺህ አምስት መቶ ባይት ነው የሚጫነው፤ ሙሉ ጥቅል ያለ መለያው ልክክ ብሎ ያልፋል፤ መለያው ሲለጠፍበት በአራት ባይት ይበልጣል። ያን ጊዜ ራውተሩ ይጥለዋል። በዛብኝ አይልም፣ አይመልስም፣ ለላኪው አያሳውቅም። ላኪው ኮምፒውተር መልስ ሲያጣ ያንኑ ደግሞ ይልካል፤ ያም ይጣላል። ከጠባዩ እንደተረዳሁት ራውተሩ በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ረጅም የአገልግሎት ዘመን ያለው ነው።

ሦስተኛ፣ ትንንሹ ነገር ሁሉ ያልፋል፤ መከራችንም ይኸው ነው። አቤት ባልን ቁጥር ባለሙያዎችዎ መጥተው ስድሳ አራት ባይት የሆነች የሙከራ ጥቅል ይልካሉ፣ «ይሠራል» ይላሉ፣ አስፈርመውን ይሄዳሉ። እኔ አሥራ አንድ ጊዜ ፈርሜአለሁ። ወደ ወይዘሮ ምብራት የመጣው ደግሞ በቴሌግራም «ሰላም» ብላ እንድትጽፍለት አደረገና ሲደርሰው፣ «ይኸው እትዬ፣ ምን ጎደለው?» አላት። እሷም፣ «ለሰላምታማ በመስኮት ብቅ ብዬ እጠራህ የለም እንዴ! እኔ ባለ አራት ፎቅ ቤት ነው የምልከው» አለችው። እሷንም አስፈርሟት ሄደ።

አራተኛ፣ ወንጀሉ። ወይዘሪት ኤዶም የራውተሩ መጠን ከፍ እንዲል ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቀች፤ መልስ አላገኘችም። ጥቅምት 24 ቀን ከሰዓት በኋላ ራሷ ቀየረችው። የቀየረችው አንድ ቁጥር ነው። ያለ ፈቃድ መንካቷ ጥፋት ነው፤ አልክድም። ግን ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሱቃችንን እስከዘጋንበት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሕንፃው ሠራ። ባለ ሁለት መቶ ገጽ መጽሐፍ አራት ኪሎ ወዳለው ማተሚያ ቤት ላክሁ፤ ከወንበሬ ሳልነሣ ደረሰ። ሌላ ጊዜ በፍላሽ ይዤው በእግሬ ነበር የምሄደው። ወይዘሮ ምብራት «ወጣልኝ!» እያለች በኮሪደሩ አለፈች። በማግስቱ ግን ገና ሱቅ ሳንከፍት ነገሩ ታወቀና ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። አራት ወር ስንለምነው የነበረው ፍጥነት እንዳላችሁ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። እርስዎም በሠራተኞች ፊት፣ «አንቺ ልጅ፣ ሕንፃውን አንቺ የሠራሽው አስመሰልሽው እኮ!» ብለዋታል። ሳቁ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰምቷል፤ ድምፅ በደረጃው ስለሚወርድ መለያ አያስፈልገውም።

አምስተኛ። በዚያው ሳምንት ከእኔ ሱቅ አጠገብ ወዳለው መዝገብ ክፍል አዛወሯት። መከላከያዋን በሕንፃው መስመር፣ በሥራ ኢሜይሏ ብቻ እንድታቀርብ ታዘዘች፤ በወረቀት ይዛ ብትወጣ «ወረቀት አቁመናል» ተብላ ተመለሰች። ዘጠኝ ገጽ ጽፋ፣ ሦስቱን የጥያቄ ደብዳቤዎች ስካን አድርጋ አያይዛ፣ ከእኛው መስመር ላከች። ቀሪውን ክቡርነትዎ ያውቁታል። ቅዳሜ ዕለት «መከላከያ ስላላቀረቡ ጉዳዩ በሌሉበት ይታያል» የሚል የሁለት መስመር መልእክት ደረሳት። የሁለት መስመር ስለሆነ ደረሳት።

የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው። በዲሲፕሊን የተሰናበተችን ጀማሪ በዚህ ከተማ ማን እንደሚቀጥራት እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ስለዚህ ዘጠኙን ገጽ ከእሷ በፍላሽ ተቀብዬ አትሜ፣ የተከራይ አቤቱታ ብዬ፣ ዛሬ ጠዋት ለጸሐፊዎ አስረክቤአለሁ። የተከራይ አቤቱታ ገና በወረቀት ነውና ማኅተም አድርጋ ተቀብላኛለች። ኮሚቴው ሳያነበው እንዳይወስን፣ እሷም ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ ያችም አንድ ቁጥር በእርስዎ ፈቃድ፣ በእርስዎ ፊርማ፣ ካስፈለገም በእርስዎ ስም እንድትቀየር በትሕትና እለምናለሁ። ምስጋናውን እርስዎ ይውሰዱት፤ እኛ ፋይሉ ይውጣልን።

ለትዕግሥታችን መርዘም ምክንያት ስለሆኑን ሁልጊዜም ባለውለታዎ፣

እሸቴ ሉልሰገድ
የገጽ አዘጋጅ፣ ሦስተኛ ፎቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእርስዎ ቢሮ መስመር መለያ እንደማይለጠፍበት ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ሆነው ሲያዩት ሁሉም ነገር እንደሚሠራ አምናለሁ። ኮሚቴው ሐሙስ ከወሰነባት ግን አንድ ውለታ ይዋሉልኝ። የስንብት ደብዳቤዋን ማኅተሙና ፊርማው እንዳለ ስካን አድርገው፣ ወደ እኔ ሱቅ ወርደው፣ ከእኔ ኮምፒውተር ይላኩላት። ወንበር አዘጋጃለሁ። እስኪደርሳት ድረስ ሠራተኛዎ ናት።