ማሰራጫችን ፈተናውን አለፈ

ባለ መሰላሉ ወዳጄ፣ እንዴት ከርመሃል?

ከጣሪያችን ነቅዬ ለፈቃድ ወደ ከተማ ያመጣሁት የኢንተርኔት ማሰራጫ ዛሬ ተፈተነ። መርማሪዋ ለክተው «ሞገዱ ከተፈቀደው በጥቂቱ ይበልጣል» ሲሉኝ ዳግም እንዲለኩልኝ ለመንኳቸው። ዳግም የሚለካው የፈቃድ ታርጋው ተለጥፎ ነው ብለው ትሪ የሚያህል ቆርቆሮ አመጡ። መመሪያው «ከፊት ይለጠፍ» ስለሚል አንቴናው ላይ ለጠፉት፤ ሞገዱም ጭጭ አለ።

«እትዬ፣ አሁን እኮ ጭራሽ አይሠራም» አልኳቸው።

«አሁን ማንንም አይረብሽም፣ ልጄ» ብለው ፈረሙልኝ።

እኛ ጋ በላስቲክ ታስሮ እንኳ ሰፈሩን ሙሉ ያገናኝ ነበር። እዚህ ግን ከነማኅተሙ ዲዳ ሆኖ ሕጋዊ ተባለ። ታርጋውን መንቀል ደግሞ ያስቀጣል።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ለእናቴ፣ ለክሊኒኳ ነርስና ለደንበኞቻችን ሁሉ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ እንግዲህ ቤት ለቤት በእግርህ ነው።