ሁለቱ የዘር ወረቀቶች

ልጄ ሆይ፣ የምትረግጠው መሬት ይጽናልህ፤ ደጅህ ሰው አይጣ። እኔ ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል፤ ጣሪያውም ትተኸው እንደሄድከው ያፈሳል።

የላክሃቸው ውሾች ወለዱ። ከአራቱ ቡችሎች ሦስቱ ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ፤ የቀረው ዓይኑ አያይም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከውሾቹ ጋር የመጡትን የዘር ወረቀቶች መስታወት ውስጥ አስገብቼ ግድግዳ ላይ ሰቅያቸው ነበር። የባዕዱን ፊደል ባላውቅም፣ ከላይ የተጻፈው ስም በሁለቱም ላይ አንድ መሆኑን በመልኩ ለየሁ። የዘራቸው ስም መስሎኝ፣ እኩያ ናቸው ብዬ የጎረቤቴን ወንድ ውሻ አባርሬ እነሱን አገናኘሁ።

ትናንት የእንስሳት ሐኪሙ አነበባቸው። «እማማ፣ ይሄ እኮ የአባታቸው ስም ነው። እህትና ወንድም ነው ያጋባሽው!» አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ ሳቀችብኝ።

ሁለት መስመር ጽፈህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ደብዳቤህን ሌላ ሰው እንዳያነብልኝ ብዬ ነበር። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ግን አንድም አልጻፍክልኝ።

አሁን የውሾቹን ዘር እስከ ቅድመ አያታቸው አውቃለሁ፤ ሐኪሙ አንድ በአንድ አነበበልኝ። እዚያ የተወለደልህን ልጅ ስም ግን አላውቅም። መወለዱንም የሰማሁት ከሰው አፍ ነው።

ወረቀቶቹን አውርጃቸዋለሁ። እግዜር ልጅህን ያሳድግልህ፤ እንደ እኔ ደጅ ደጁን ከማየት ይሰውርህ። ደብዳቤ ትልካለህ ብዬ አልጠብቅም፤ ቢሆንልህ ግን ስሙን ብቻ በእኛ ፊደል ጻፍልኝ። ምስማሩን አልነቀልኩትም።

እናትህ