«ማን አየ?» ብለው የጠየቁት ሰው፦ የአቶ አለልኝ ምንዳዬ የሕይወት ታሪክ (1953–2018 ዓ.ም.)

አቶ አለልኝ ምንዳዬ ከአባታቸው ከአቶ ምንዳዬ ኦዳ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጽጌሬዳ ኃይለማርያም በ1953 ዓ.ም. በሰላሌ፣ ፍቼ ከተማ ተወለዱ። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1977 ዓ.ም. በሕግ ተመረቁ። በ1988 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሰገነት ረጋሳ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሶልያናንና ሐጌን አፍርተዋል።

ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ካጸደቀች ወዲህ ቃሏን ምን ያህል እንደፈጸመች በየጊዜው ለተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ሪፖርት ታቀርባለች። አቶ አለልኝ ለዚህ ሪፖርት መረጃ በሚያሰባስብ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። በሄዱበት ሁሉ አስቀድመው ትልልቆቹን ከክፍሉ ያስወጣሉ፤ በሩን ገርበብ አድርገው ይተዋሉ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ልጆቹን ያነጋግራሉ። ረቂቅ ላይ «ተሻሽሏል» የሚል ቃል ባዩ ቁጥር «ማን አየ?» ይሉ ነበር። ባልደረቦቻቸው «ማን አየ መጡ!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ እርሳቸውም ቅጽል ስሙን ወደውት ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ሕፃናት ከታሰሩ እናቶቻቸው ጋር የሚኖሩበትን አንድ ማረሚያ ቤት ጎበኙ። ኃላፊው ልጆቹ በየቀኑ ወተት እንደሚያገኙ ገለጹላቸው። ኃላፊው ከወጡ በኋላ አንዲት ሕፃን «ወተቱ የሚመጣው እናንተ ስትመጡ ነው» አለቻቸው። ቃሏን እንዳለ ጻፉት። አለቃቸው «የሕፃን ወሬ ማስረጃ ነው እንዴ፣ አቶ አለልኝ?» ብለው እንዲሰርዙት ሲያዟቸው «ወተቱን የምትጠጣው እሷ ናት፤ እኔና እርስዎ አይደለንም» ብለው መለሱ። አልሰረዙም። ሌላ ሰው ቃሏን ሰርዞ ባዘጋጀው ሪፖርት ላይም አልፈረሙም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወዳጆች «በገዛ ፈቃዳቸው ሥራቸውን ለቀቁ» ተብሎ እንዲጻፍ በቅንነት መክረዋል። በገዛ ፈቃዳቸው አልለቀቁም። ተባረዋል። ይህ የሕይወት ታሪክ እርሳቸው በማይፈርሙበት ቃል አይጻፍም።

በ2001 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ መጥተው ኮሎምቢያ ሃይትስ ከተማ ተቀመጡ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስም ነዱ። «ሕግ የተማረ ሰው አውቶቡስ ይንዳ?» ብሎ የሚያዝንላቸውን ሰው አይወዱም ነበር። ልጅን በሰዓቱ ትምህርት ቤት ማድረስም የልጁ መብት ነው ይሉ ነበር። አሜሪካ ኮንቬንሽኑን እስካሁን አለማጽደቋንም ለአሜሪካኖቹ ሳያነሱ አያልፉም ነበር። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሲቪል ማኅበራት ከመንግሥት ሪፖርት ጎን ለጎን የሚያቀርቡትን አማራጭ ሪፖርት አገር ቤት ካሉ ባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁ ነበር።

በዚህ ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ሲኖር ልጆች ወደ ምድር ቤቱ ይላካሉ። አቶ አለልኝም አብረዋቸው ይወርዱ ነበር። «ጋሼ፣ ስብሰባው እኮ እላይ ነው» ሲባሉ «ስለ እነሱ የምትወስኑት እላይ ነው፤ እነሱ ያሉት ታች ነው» ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት በቆሽት ካንሰር ታመው ሚኒያፖሊስ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ የአማራጭ ሪፖርቱ ረቂቅ ደረሳቸው። ከእናቶቻቸው ጋር ስለታሰሩት ሕፃናት «ይዞታቸው ተሻሽሏል» ይል ነበር። ከአዘጋጆቹ አንድም ሰው ማረሚያ ቤት ገብቶ እንዲያይ አልተፈቀደለትም ነበር። ሐጌ «ዳድ፣ ፕሊስ፣ ጃስት ሬስት» ብሎ እንዲያርፉ ሲለምናቸው «መጀመሪያ ያቺ ቃል ትውጣ» አሉት። ቃሏ ወጣች። በምትኩ «እንድንጎበኝ ስላልተፈቀደልን መሻሻሉን አናውቅም» ተብሎ ተጻፈ። «አሁን ላኩት» አሉ። ተላከ።

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። በሰላም አንቀላፉ ማለት የተለመደ ነው። አቶ አለልኝ ግን እስከ መጨረሻው ታግለዋል። ማን አየ ለሚል፣ ባለቤታቸው አይተዋል።

ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሰገነትን፣ ልጆቻቸውን ሶልያናንና ሐጌን፣ የልጅ ልጃቸውን ሲንቄን እንዲሁም እህታቸውን ወ/ሮ ቤዛዊትን ትተው ሄደዋል።

ዛሬ የምድር ቤቱ በር ተቆልፏል። የፊት ወንበሮች የልጆቻችሁ ናቸው። ስለ ጋሽ አለልኝ መጠየቅ የፈለገ ልጅ ይጠይቅ፤ ማንም ዝም አያሰኘው።

ሕፃናትን አቅፎ የባረከ አምላክ ነፍሳቸውን በመንግሥቱ ይቀበል፤ ጥያቄያቸውን ለሚቀጥሉትም ጉልበት ይስጥ። አሜን።