አያ አዳሙ የሰጡሽ አፈር

ይድረስ ለልጄ ለማርያማዊት። የሞጣው ጊዮርጊስ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል።

ስለ አፈር ያጠናሽው ጽሑፍ በመጽሔት መውጣቱን ሰምቼ በደስታ ልከፍተው ብል፣ ድረ ገጹ ከማጠቃለያው በቀር ሳትከፍል አታነብም አለኝ። ተናደድሁ። ለምርምርሽ ማሳቸውን ያስቆፈሩሽ አያ አዳሙ ገበያ ላይ አግኝተውኝ፣ «መምህር፣ ልጅዎ አፈሬን ወስዳ ቆለፈችበት እንዴ?» አሉኝ። ሰውየው ከመዝራታቸው በፊት አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ኖራ ያስፈልገው እንደሆነ ማወቅ አለባቸው።

ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥሁም። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ወይዘሮ አየሁሽ የመጽሔቱን ደንብ ፈልጋ አሳየችኝ። ተቀባይነት ያገኘውን የራስሽን ረቂቅ በዩኒቨርሲቲሽ ክፍት ማኅደር ብታስቀምጪው ደንቡ ይፈቅዳል፤ ከዚያ ማንም ሰው በነጻ ያነበዋል። ይህን ሳታውቂ ቀርተሽ ከሆነ ይኸው ነገርሁሽ፤ አውቀሽ ትተሽው ከሆነ ግን አዝናለሁ።

እባክሽ ልጄ፣ ሰኔ ሳይገባ አስቀምጪው፤ አንድ ገጽ አማርኛም ጨምሪበት። በዚያ ገጽ ላይ ሞጣን እንደ ማጠቃለያሽ ምዕራብ ጎጃም እንዳታደርጊያት፤ ምሥራቅ ጎጃም ናት። አትሜው አያ አዳሙ ማሳ ድረስ ሄጄ አነብላቸዋለሁ።

የዘራሽው ሁሉ ይጽደቅልሽ።

አባትሽ ስጦታው