ከጣሪያ ወርዳ ቁምሳጥን ስለገባችው አንቴና

ለክቡር የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ቢሮዎ በመጣሁባቸው ሁለት ቀናት ያየሁት የሚዞር ወንበርዎ፣ ወደ ባለጉዳይ ባይዞርም እንኳ፣ ወደሚወዱት መስኮት ያለ እንከን እንዲዞርልዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በመሬት ቅየሳ ያገለገልኩ ጡረተኛ ነኝ። ለአንድ ጣት ስህተት ብዬ ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ተመልሼ ስለምለካ ባልደረቦቼ «ሚሊሜትር» ይሉኝ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ የዕድሜዋን ግማሽ በአዋላጅ ነርስነት ሠርታ፣ ልቧ መድከም ሲጀምር ሥራዋን ተወች። ቤታችንን ለልጃችን ለቀቅንና አልጋና ምድጃ ያለው የቤት መኪና ገዛን፤ ምኞታችን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስለካው የኖርኩትን አገር እሷም አንድ ጊዜ በዓይኗ እንድታየው ነበር። ሐኪሟ አልከለከላትም። ያዘዘው ነገር ቢኖር መኪናው ውስጥ የድንገተኛ ጥሪ መሣሪያ እንዲገጠም ብቻ ነው፤ ሲያማት ቁልፉን ትጫናለች፣ መሣሪያውም ያለንበትን ቦታ በጂፒኤስ ለይቶ ለአምቡላንስ ማዕከል ይልካል።

የመኪናችን ግድግዳና ጣሪያ በአልሙኒየም የተለበጠ በመሆኑ መሣሪያው ከውስጥ ሆኖ ሳተላይት አያገኝም። ስለዚህ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሻን የእጅ መዳፍ የማታህል አንቴና ጣሪያው ላይ ገጠመልን፤ ገመዷን በጠባብ ቀዳዳ አሳልፎ ከመሣሪያው ጋር አገናኘ፣ ቀዳዳውንም ውኃ እንዳያስገባ ደፈነው። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «አንቴና ሰማይ ካላየ ጌጥ ነው» አለኝ። ይህች ቃል ጽሕፈት ቤትዎ ግድግዳ ላይ ከተለጠፉት አሥራ ሁለት ማስታወቂያዎች ሁሉ የበለጠ ቁም ነገር እንዳላት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ለዓመታዊ ምርመራ ወደ ግቢዎ የመጣነው እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለን ነበር። ለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የቴክኒክ መርማሪዎ መሰላል ወጥተው አንቴናዋን ስላገኟት አመሰግናለሁ። ፍሬን ለማየት ያላጎነበሱ ሰው ለዚህች ዕቃ ጣሪያ ድረስ መውጣታቸው የሙያ ፍቅራቸውን ያሳያል። «ትርፍ አካል» ብለው መዘገቧት። የሐኪሟን ወረቀት ሳሳያቸው «ይህ የሰው ነው፤ እኛ የመኪና ነን» ብለው መለሱልኝ።

፪. እርስዎም ከፊትዎ ካለው ወረቀት ቀና ሳይሉ ስለወሰኑልኝ አመሰግናለሁ። አንቴና ሰማይ ማየት እንዳለበት ላስረዳዎ ደከምኩ፤ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። «ውጭ ከሆነ ትርፍ አካል፣ ውስጥ ከሆነ ዕቃ ነው፤ ያስገቡትና ማኅተምዎን ይውሰዱ» አሉኝ። ሰዎችዎ አንቴናዋን ነቅለው ከምድጃው ሥር ባለው ቁምሳጥን፣ በሁለት ድስቶች መካከል አስቀመጧት፤ ተመልሳ ጣሪያ ላይ ብትገኝ መኪናው እንደሚወረስም አስፈረሙኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል እየሰማሁ አድጌ ነበር፤ ላሟን ከነሳተላይቷ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት።

፫. ይህኛውን ምስጋና ረዘም ባደርገው አይቀየሙኝ። ቅጽዎ «አንቴናው ከመሣሪያው ጋር ተገናኝቷል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይሠራል ወይ ብሎ አይጠይቅም። መርማሪዎ ገመዱ መሰካቱን አዩ፣ ከዚያም ቦታችንን በካርታ ላይ በነጥብ የሚያሳየውን የመሣሪያውን መስታወት ተመልክተው «ይኸው! ቁምሳጥን ውስጥ ሆኖም ግቢያችንን ያሳያል» ብለው ደስ አላቸው። እኔ ግን ያ ነጥብ ጠዋት፣ አንቴናዋ ገና ጣሪያ ላይ ሳለች የተገኘ መሆኑን፣ መሣሪያውም ሰማይ ሲጠፋበት የመጨረሻውን ነጥብ የሙጥኝ ብሎ እንደሚይዝ ነገርኳቸው። አምስት መቶ ሜትር ነድተን እንየው ብዬ ለመንኳቸው። «ምርመራ ያልጨረሰ መኪና ከግቢ አይወጣም» አሉ። እንግዲያው ስንጨርስ እንየው አልኩ። «ምርመራ የጨረሰ መኪና አይመረመርም» አሉና ማኅተሙን አሳረፉበት።

እዚህ ላይ የራሴንም ኃጢአት ልናገር። እኔ ሚሊሜትር የተባልኩት ሰው፣ ነጥቡ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ወረቀቱን አጥፌ መሪ ጨበጥኩ። ባለቤቴ «እስከ ሐይቁ ብቻ እንሂድ፤ ስንመለስ ትጣላቸዋለህ» ብላ ክንዴን ያዘችኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። ለእርስዎ ያለኝ ንቀት ምንም ያህል ቢበዛ ለዚያች እሺታዬ ያለኝን ያህል አይሆንም።

፬. በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከግቢዎ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ርቀን ሐይቁ ዳር ቆመን ሳለ፣ ባለቤቴ ሽንኩርት እየላጠች ድንገት ደረቷን ያዘች። ቁልፉን ተጫነች። መሣሪያው ታማኝ ነውና የሚያውቀውን ላከ፤ አምቡላንሱም በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ እርስዎ ግቢ ደረሰ። ሹፌሩ በኋላ እንዳጫወተኝ ጥበቃዎ በሩን ሳይከፍት «ቀጠሮ አላችሁ?» ብሎ ጠይቋቸዋል። ከገቡ በኋላም የተሰለፉትን መኪኖች አንድ በአንድ እያንኳኩ ባለቤቴን ሲፈልጓት ቆዩ። እኔ በስልክ «ሐይቁ ዳር ነን!» እያልኩ ስጮህ የማዕከሉ ሠራተኛ በለሰለሰ ድምፅ «አባቴ፣ አይረበሹ፤ ቦታችሁ እፊቴ ይታየኛል፤ አምቡላንሱ እኮ ደርሷል፤ ካላችሁበት እንዳትንቀሳቀሱ» ትለኛለች። ወጥቼ መንገዱን ባይ አቧራ እንኳ አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ቦታ ስነግር የኖርኩ ሰው የሚስቴን ቦታ የሚያምነኝ አጣሁ።

ዓሣ የጫነ መኪና ሹፌር ሲያልፍ አየንና ቆመ። «እናቴ፣ አይዞሽ» እያለ በክንዱ ተሸክሞ ጋቢና አስገባት፤ ሆስፒታል የደረሰችውም እሱ ጋር፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተተች ነው። ሐኪሙ «ከአንድ ሰዓት በፊት ብትመጡ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። ተርፋለች። ነገር ግን የመኪናችንን ሦስት ደረጃ መውጣት ለማትችል ሴት መትረፍ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር ቅጽዎ ላይ አላገኘሁም።

፭. ጉዳዩ ከተሰማ በኋላ ስለወሰዱት ፈጣን እርምጃም አመሰግናለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባል፣ አሥራ ሦስተኛውን ማስታወቂያ አስለጥፈዋል፤ «አምቡላንሶች ያለ ቀጠሮ ወደ ግቢ መግባት ክልክል ነው» ይላል። እኔ ግን ለሁለተኛ ጊዜ የመጣሁት አንድ ነገር ለመለመን ነበር፦ ባለቤቴን ተኝታ እንዳለች ወደ ልጃችን ቤት፣ የሦስት ቀን መንገድ፣ ስወስዳት አንቴናዋ ጣሪያ ላይ እንድትሆን እንዲፈቀድልኝ። «ጥያቄዎ በመታየት ላይ ነው» ተባልኩ። ሦስት ሳምንት ሆነው። የት ሆኖ እንደሚታይ አላውቅም፤ ቁምሳጥን ውስጥ ካልሆነ።

ዘመንዎ የረዘመ፣ ግቢዎ ከበሽተኛ የጸዳ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለአሥራ ሁለት ቀናት በሌለሁበት በእንግድነት ስላኖሩኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

ጡረተኛው ቀያሽ፣ ሚሊሜትር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ጠዋት ከኤሌክትሪሻኑ ጋር ሆነን አንቴናዋን ጣሪያ ላይ መልሰናታል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ መሣሪያው ግቢዎን ለቅቆ እኛን ሆስፒታሉ በር ላይ አገኘን፤ ተሸክመን ያስገባናት ባለቤቴም መኪናው ውስጥ አልጋዋ ላይ ሆና የመሣሪያውን መስታወት አይታ ሳቀች። ነገ እንነሳለን። መኪናውን ሊወርሱ የሚላኩ ሰዎችዎ አድራሻ በመፈለግ እንዳይደክሙ አደራ፤ የድንገተኛ ጥሪ ማዕከሉን ይጠይቁ፣ ያለንበትን ከሦስት ሜትር በማይበልጥ ስህተት ይነግራቸዋል። ቀጠሮ አያስፈልግም።