ለብሊያ ባል የተሰጠ ምስክርነት

ኦክቶበር 9

ጎመኑን ውርጭ መታው። ጉልበቴንም ጭምር። ከአልጋ ስነሳ ሚስቴ፣ ዘይት ያጣ በር ትመስላለህ አለችኝ። ምን ይባላል?

ከሰዓት በኋላ የላኦስ ስደተኞች ማኅበር ቢሮ። በአዲሱ ሕግ ላኦስ ውስጥ ከአሜሪካኖቹ ጎን ተሰልፎ የተዋጋ ሰው የአሜሪካ ዜግነት ፈተናውን በእንግሊዝኛ አይፈተንም፤ አለቃው የነበረ መኮንን በመሐላ ይመስክርለት እንጂ። ከእኛ ሻምበል በሕይወት የቀረሁ መኮንን ደግሞ እኔው ነኝ። ለአንዱ ፈረምኩ፤ መትረየስ ይሸከም ነበር፣ አልረሳሁትም። ከእሱ ጋር የፈረምኩላቸው ሠላሳ አንድ ሞሉ።

ቀጥሎ የመጣው የሚስቴ የአክስት ልጅ። ተዋግቻለሁ ይላል። የት? ተራራ ላይ። የትኛው ተራራ? ረሳሁት። ሩዝ ሲሸጥ ነው የማውቀው! ያላየሁትን አልፈርምም ብዬ መለስኩት። ሚስቴ እራት አቀረበች ከማለት ወረወረች ማለት ይቀላል። ታኩርፍ። እንኳን የአክስት ልጅ አባቴ ከመቃብር ቢነሳ ያላየሁትን አልፈርምም።

ኦክቶበር 12

የቼር ሉ ሚስት ብሊያ እንቁላል ይዛ መጣች። ባሏ ወታደሬ ነበር፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1972 ሞተ። ሕጉ ባል ለሞተባቸውም ይሠራል ብለዋታል። ሁለት ጊዜ ተፈትና ወድቃለች። ከስሟ በቀር ምንም መጻፍ አትችልም። ዜጋ ካልሆነች ደግሞ ታይላንድ የቀረችውን ልጇን ማምጣት አትችልም። ባሏ ሲሞት ጀርባዋ ላይ ያዘለቻት ልጅ... ዛሬ የልጆች እናት ሆና ካምፕ ውስጥ ትኖራለች።

ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የት፣ መቼ፣ እንዴት ሞተ ይላል።

«መቶ አለቃ፣ እርስዎማ በቃልዎ ያውቁታል» አለችኝና ራሷ ዘረዘረችው። ተራራው ላይ። አንድ ጥይት። ግንባሩን። አልተሠቃየም። ያኔ የነገርኳትን፣ አንድ ቃል ሳታጎድል።

ነገ እጽፈዋለሁ አልኳት። ለምን ነገ አልኩ?

ኦክቶበር 13

አልጻፍኩም። ግቢ ውስጥ ቅጠል ስጠርግ ዋልኩ።

ኦክቶበር 15

ይህን ደብተር ከእኔ ሌላ ማን ያነበዋል? ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ግንባሩን አልተመታም። ሆዱን ነው። ከተራራው ስንወርድ። ኒያ ቩ እና አንድ ሌላ ወታደር በቃሬዛ እስከ ወንዙ ተሸከሙት። ጠላት ከኋላችን ነው። እሱ ይጮኻል... አሥራ አንድ ሰው ነበረኝ፤ ድምፁ ሁላችንንም ሊያስጨርሰን ነው። አስቀምጡት አልኩ። ቀርከሃ ሥር አስቀመጡት። ኮዳዬን ሰጠሁት። ለሆድ ቁስል ውሃ አይሰጥም እኮ!

«ወንድሜ፣ ትመለሳለህ አይደል?» አለኝ። እመለሳለሁ አልኩት።

በማግስቱ ሚስቱ ደጅ ቆሜ መርዶ ተናገርኩ። ተራራው ላይ ሞተ አልኳት። ሰዎቼንም እንዲሁ በሉ ብዬ አዘዝኩ። በእኛ ወግ ለሟች ነፍስ መንገድ የሚያሳየው ሽማግሌ ነፍሱን ሞተበት ካልኩት ተራራ ጠርቶ፣ አገር ላገር እየመራ እስከ ተወለደበት ሸኘው። እዚያ አልነበረም እኮ። በሌለበት ቦታ ነው የጠሩት። እኔም ቆሜ ሰማሁ፣ የቀረበልኝንም በላሁ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኦክቶበር 18

ጻፍኩ። ተራራ። አንድ ጥይት። ግንባር። ማኅበሩ ቢሮ ወረቀት ለምታዘጋጀዋ ለካኦ ሰጠኋት። ለብሊያ ልጅ ስል ነው። ለልጅቷ ነው?... እንቁላሉ እንዳለ ተቀምጧል። አልበላሁትም።

ኖቬምበር 6

ካኦ ደወለች። ለካ ብሊያ አንድ ምስክር እንዳያንስባት ብላ ካሊፎርኒያ ያለውን ኒያ ቩንም ጠይቃው ኖሯል። ወረቀቱ ደርሷል።

የእርስዎ ተራራ ይላል፣ የእሱ ወንዝ ይላል፤ ሁለቱን አብሬ ብልክ ማመልከቻዋን ይጥሉባታል አለችኝ። ሌላስ ምን ጻፈ አልኳት። ራስዎ ይጠይቁት አለችኝ። ድምፅዋ ደረቅ ነበር።

ኖቬምበር 7

ኒያ ቩ ጋ ደወልኩ። ስለ እንጆሪ ማሳው፣ ስለ ወገብ ሕመሙ... ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ቆየሁ። ከዚያ ወረቀትህን አስተካክል አልኩት። በድሮው ድምፄ።

«በአንተ ትእዛዝ ሃያ ስምንት ዓመት ዋሽቻለሁ። አሁን ወታደርህ አይደለሁም» አለ።

ከዚያ የማላውቀውን ነገረኝ። በሦስተኛው ቀን ሳያስፈቅደኝ ተመልሶ ነበር። ቼር ሉ ቀርከሃው ሥር የለም። በደረቱ እየተሳበ ወደ ቤቱ አቅጣጫ አንድ የሩዝ ማሳ ያህል ሄዷል። ሞቷል። ግን ሰውነቱ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። እዚያው ቀበረው።

ያችኑ ሌሊት ሞቷል ብዬ ነበር የኖርኩት። በምን አወቅሁ? ማን ነገረኝ? ለራሴ የነገርኩት እኔው ነኝ።

ኖቬምበር 9

አዲስ ወረቀት ጻፍኩ። እውነቱን። ማገልገሉን፣ መቁሰሉን፣ በሕይወት ትቼው መሄዴን። መሞቱን የኒያ ቩ ወረቀት ይመሰክራል። ለሚስቴ አነበብኩላት። የአክስት ልጇን ታነሳብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላነሳችም፤ አለቀሰች። ለብሊያ ከወረቀቱ በፊት በአፍህ ንገራት አለችኝ። እሺ አልኩ።

ኖቬምበር 12

አልነገርኳትም። መኪናዬን ቤቷ ፊት ለፊት አቁሜ ተቀመጥኩ። መጋረጃው ሲነቃነቅ አስነስቼ ሄድኩ።

ኖቬምበር 14

ቢሮ። ብሊያ ማመልከቻው ላይ ከመፈረሟ በፊት ካኦ የእኔንና የኒያ ቩን ወረቀት አነበበችላት። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜአለሁ። ኮዳው ጋ ስትደርስ ካኦ ማንበቡን አቆመች። ቀጥዪ አለቻት ብሊያ። እስከ መጨረሻው ሰማች። እስክሪብቶውን አስተካክላ ይዛ ስሟን ፊደል በፊደል ጻፈች። ቀና ብላ አላየችኝም። ይቅር በይኝ ልል አፌን ከፈትኩ... ሳል ሆኖ ወጣ። ፈሪ!

ማርች 2

ብሊያ በአስተርጓሚ ተፈትና አለፈች፤ ካኦ ናት ለሚስቴ የነገረቻት። እኔን ሁለት ሰዎች ፈርምልን ብለው አስጠሩኝ። አልሄድኩም። በየትኛው አፌ?

ኤፕሪል 20

ዛሬ ብሊያ የዜግነቱን መሐላ ማለች። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ቆሜ አየኋት። እጇን ከሁሉም አስቀድማ አነሳች። ሲያልቅ እሸሻለሁ ስል የሰው ግፊያ ያዘኝ፤ እሷ ግን ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። የልጄን ማመልከቻ ሰኞ አስገባለሁ አለች። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት።

«ወንዙ ከቤቴ የግማሽ ቀን መንገድ ነው» አለች።

«አንተ ደጄ ቆመህ ስታረዳኝ እሱ በሕይወት ነበር። ሄጄ አመጣው ነበር። ባይተርፍ እንኳ ብቻውን አይሞትም ነበር።»

አንተ አለችኝ። ይገባኛል። አዎ አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ? ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ በተሻለኝ። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። የፊታችን ቅዳሜ እዚህ ያለው ነፍስ ሸኚ ሽማግሌ የቼር ሉን ነፍስ እንደገና ሊጠራ ነው፣ አሁን ከወንዙ። መጀመሪያ ወደ ቤቱ፣ ከዚያ ወደ ተወለደበት። ከወንዙ እስከ ቤት ያለውን የቦታ ስም ግን ሽማግሌው አያውቀውም። መርዶውን ይዘህ የመጣህበት መንገድ ነው፣ ጻፍልኝ አለችኝ።

ቤት ገብቼ ጻፍኩ። ወንዙ። ቀርከሃው። ኒያ ቩ የቀበረበት ቦታ። ከብት ጨው የሚልስበት ድንጋይ። ትንሿ ጅረት። የበቆሎው ተዳፋት። የብሊያ ደጅ።

የዘለልኩት ይኖራል ብዬ ደግሜ አየሁት። የለም። ይኸው ነው።