እናቴ ሳትሞት እንዲደርስዎ

ለተከበሩ አቶ እንዳሻው
የታችኛው ሰፈር መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ጭሮ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም በተለይ በዚህ ሳምንት የሰመረ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የወይዘሮ ባየች ልጅ አጥናፉ፣ ኮሚቴዎ ከእድሩ እንዲሰረዝ የወሰነበት ሰው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴ ግን ደህና አይደለችም። ይህንን ቀድመው እንደሰሙ ስለማውቅ አላስረዝመውም።

ደብዳቤዬን በእድሩ ቤት በር ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። በስብሰባ ላይ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ስለሚያቋርጡኝ፣ ጽሑፍ ሲሆን እስከ መጨረሻው ይታገሱኛል ብዬ ነው። የቀረቡብኝን ክሶችም እርስዎ እንደሚወዱት በተራ ቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

፩ኛ፦ ከለቅሶ ድንኳን ተነሥቶ መውጣት። እውነት ነው፣ ወጥቻለሁ። የሸራው ሽታ፣ የጄኔሬተሩ ጩኸት፣ ሙሾው፣ የሚጎተተው አግዳሚ ወንበር አንድ ላይ ሲመጡብኝ ጭንቅላቴ የሚሆነውን ነገር እስከ አርባ አንድ ዓመቴ ድረስ ስሙን እንኳ አላውቀውም ነበር። አጥር ሥር ቆሜ ለሟቹ ሳለቅስ፣ ድንኳን ውስጥ የቀሩት የተከበሩ አባላት ካርታ ይዘው ይሳሳቁ ነበር። እነርሱን ሐዘንተኛ፣ እኔን ተቀጪ ያደረገውን ደንብ ያረቀቁልንን ሁሉ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ ወይዘሮ ወሰንየለሽን በባላቸው በአቶ ኩማ ለቅሶ ላይ ማስቀየም። ወይዘሮዋ ደረታቸውን እየመቱ፣ ኩማዬ ምን ሆነህ ሞትክብኝ እያሉ ደጋግመው ጠየቁ። ማንም አልመለሰላቸውም። እኔ ደግሞ ሰው ሲጠይቅ ዝም ማለት ነውር ነው ተብዬ ያደግኩ በመሆኔ፣ ሟቹ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ማቋረጣቸውን በትሕትና አስረዳኋቸው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያ ጥያቄ መልስ እንደማይፈልግ ሌላው ሰው ሁሉ የት እንደተማረ ዛሬም ይደንቀኛል።

፫ኛ፦ አካፋ። መቃብር ቆፋሪዎች እየጠበቁ፣ አካፋ እንዳመጣ ተልኬ የተገለበጠ አይሱዙ መኪና ሲነሣ ሳይ ቆሜ ቀረሁ፤ አስከሬን ጠበቀኝ። ይህ ጥፋት ነው። ያኔም ይቅርታ ጠይቄበታለሁ፣ አሁንም እጠይቃለሁ።

አራተኛም አምስተኛም እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን ዋናውን ነገር ላስቀድም። መቻራ በመምህርነት ተቀጥሬ ሰነፍ ተባልኩ፤ ቦኬ ተዛውሬ ትዕቢተኛ ተባልኩ፤ መሰላ ላይ ስያሜ ሳይወጣልኝ ራሴ ለቀቅኩ። አምና አዲስ አበባ ያለችው እህቴ እየጎተተች የአእምሮ ሐኪም ዘንድ አደረሰችኝ። ሐኪሟ ብዙ ጠየቀችኝ፣ ለእናቴም ደውላ ስለ ልጅነቴ አጣራች፣ በመጨረሻም ኦቲዝምም፣ ኤዲኤችዲ የሚሉት ትኩረት የማጣትና የመቁነጥነጥ ችግርም አብረውኝ እንደተወለዱ ነገረችኝ። አንደኛው ሁሉም ነገር በቦታው፣ በጸጥታ፣ እንደ ትናንቱ ይሁን ይላል፤ ሌላው ተነሥ፣ ውጣ፣ ያንን እይ ይላል። የማይስማሙ ሁለት ተከራዮችን አንድ ክፍል ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው። በሐኪሟ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ያን ሁሉ ዘመን ራሴን ክፉ ሰው አድርጌ ቆጥሬው ነበርና።

ይህንን ደስ ብሎኝ ለኮሚቴው ስነግር፣ እርስዎ ኦቲዝም በቴሌቪዥን እንዳዩት የሕፃናት ሕመም መሆኑን፣ ጢም ያወጣ ሰው እንደማይዘው፣ ከድንኳን ለመቅረትም አንድ ሰበብ ሲበቃኝ ሁለት ማምጣቴ ስስት መሆኑን ተናግረው ጉባኤውን አሳቁት። ለነጻ ምርመራዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በመቀመጥ ፈንታ መቃብር ልቆፍር፣ ውኃ ልቅዳ፣ ድንኳን ልትከል፣ ልንቀል ብዬም ለምኜ ነበር። ደንቡ መቀመጥ ነው የሚለው ተብሎ ቀረ።

እኔን መሰረዝ ይችላሉ። ነገር ግን አባቴ ካረፈ ጀምሮ የቤታችን አባልነት በእኔ ስም ስለሆነ፣ እኔ ስሰረዝ እናቴም አብራ ትሰረዛለች። እናቴ የዚህን ሰፈር ሴቶች ሬሳ አጥባ የገነዘች ሰው ናት። የእርስዎንም እናት የገነዘችው እሷ ናት፤ ያን ቀን እግሯ ላይ ወድቀው ውለታሽን ምን ልክፈልሽ ሲሏት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እኔ የወጣሁበት ድንኳን ሁሉ ውስጥ በእኔ ቦታ ተቀምጣለች። ወገቧ አልችል ሲል እንኳ ልጄን እንዳትቀየሙብኝ እያለች ትቀመጥ ነበር።

መሰረዜን የሚያጸድቀው ጠቅላላ ጉባኤ በወሩ መጨረሻ ተቀጥሮ ነበር። እናቴ እህል መቅመስ ማቆሟ ሲሰማ ወደ መጪው እሁድ መጣ። በእድራችን ታሪክ ቀጠሮ ወደፊት ሲገፋ እንጂ ወደዚህ ሲሳብ አይቼ ስለማላውቅ፣ ለትጋትዎ ልዩ አድናቆት አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደጃችን ጭር ብሏል። ሊጠይቋት ይመጡ የነበሩ ሴቶች በወዲያኛው መንገድ ያልፋሉ። ከትናንት ወዲያ ሁለት የኮሚቴ አባላት መጥተው፣ ቤታችን ሳይገቡ ጎረቤታችንን ረዲያን ስንት ቀን ይቀራታል ብለው ጠየቋት። ረዲያ ሙስሊም ናት፣ የእድራችሁም አባል አይደለችም፤ በኦሮምኛ የመለሰችላቸውን በዚህ በተከበረ ደብዳቤ ላይ አልጽፈውም። ጧትና ማታ እየመጣች እናቴን የምታገላብጥልኝ ግን እሷ ናት። እኔ እፈራለሁ። ሌሊትም ቀንም ትንፋሿን አዳምጣለሁ፣ እሁድ ደግሞ እየቀረበ ነው።

በመጨረሻም የእድሩ ማኅተም እንዳይደርቅ፣ ድምፅ ማጉያውም እንዳይታፈን፣ ለእርስዎም የሚቆም ሰው እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ ከማይነገር አክብሮት ጋር እጅ እነሳለሁ።

እስከ እሁድ አባልዎ የሆንኩት
አጥናፉ
ሰኔ ፪ ሺህ ፱ ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ትናንት እናቴ ዓይኗን ገልጣ፣ ድንኳን ይተከልልኛል አይደል ብላ ጠየቀችኝ። በሕይወቴ ዋሽቻት አላውቅም፣ አልችልበትምም። አዎ አልኳት። አቶ እንዳሻው ራሳቸው ይመጣሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል አልኳት። እጄን ጨበጥ አድርጋ ተኛች። ዋሽቻት እንደሆነ እሁድ ይነግሩኛል።